ወለሉ ካሬ ነው፣ ዞኮሎው ዙሪያ ነው

የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሱቅ ስሸጥ ስለምውል መደመርና ማባዛት እጄ ላይ ነው። የሚይዘኝ በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ነው፤ በተለይ የሬክታንግል ዙሪያና ስፋት። ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ማታ ማታ እሱን ስሠራ ቆየሁ። እንደኔ ለተቸገራችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ያምታታኝ ቃሉ ነው። «ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ መሬት ስፋት ስንት ነው?» ይላል አንዱ ጥያቄ። ስፋቱን ነግሮኝ መልሶ ስፋቱን ይጠይቀኛል! «ስፋት» የጎኑም ስም ነው፣ የውስጡም ስም ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ የጎኑን «ወርድ»፣ የውስጡን «ካሬ» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ካሬማ ሰፈር ውስጥ ሁላችንም የምንለው ነው፤ «ቤቱ ስንት ካሬ ላይ ነው ያረፈው?» እንባባል የለ? ቃሉን ከለየሁ ወዲህ ጥያቄውን ደጋግሜ ማንበብ ቀረልኝ።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ጥያቄው ዙሪያ ይፈልግ ካሬ ይፈልግ ማወቁ ነው። ይሄን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። ሴራሚክ ሲያነጥፉ ነው የኖሩት። አንድ እሑድ የሚሠሩበት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3.60 ነው። ሴራሚኩ 40 በ40 ሳንቲም። ሜትራቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉና «በዚህ በኩል 10፣ በዚያ በኩል 9። 90 ፍሬ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በቀመሩ ሞከርኩት። 4 ሲባዛ በ3.6፣ 14.4 ካሬ ሜትር። አንዱ ሴራሚክ 0.4 ሲባዛ በ0.4፣ 0.16። 14.4 ለ0.16 ሲካፈል ልክ 90! ደስታዬን አልነግራችሁም። ቀመሩና የአጎቴ አቆጣጠር አንድ ነገር መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ግድግዳው ሥር የሚለጠፈውን ዞኮሎ አሳዩኝ። «ወለሉን በካሬ ትገዢያለሽ፣ ዞኮሎውን በሜትር ትለኪያለሽ» አሉ። ዙሪያው 15.2 ሜትር ነው። «በር ላይ ዞኮሎ ይለጠፋል እንዴ?» ሲሉኝ የበሩን 90 ሳንቲም ቀነስኩ፤ 14.3 ሜትር። አሁን ማንኛውንም ጥያቄ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ይሄ ነገር ወለል ነው ወይስ ዞኮሎ? አጥርና ሽቦ ዞኮሎ ናቸው። ምንጣፍ፣ ቀለም፣ የሚዘራ መሬት ወለል ናቸው።

እዚያው ሂሳብ ላይ አንድ ሌላ ስህተቴን አገኘሁ። አንድ ሜትር 100 ሳንቲም ስለሆነ አንድ ካሬ ሜትርም 100 ካሬ ሳንቲም ይመስለኝ ነበር። በየጎኑ 100 ሳንቲም ያለው ካሬ ሣሉና አስቡት። እያንዳንዱ ረድፍ 100 ትንንሽ ካሬ ይይዛል፤ ረድፉም 100 ነው። 10,000 ይመጣል። ስለዚህ መለኪያውን ከማባዛቴ በፊት ነው አንድ የማደርገው፤ ወይ ሁሉንም ሜትር፣ ወይ ሁሉንም ሳንቲም።

ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ግን ይሄኛው ነው። «የአንድ ሬክታንግል ዙሪያ 34 ሜትር ነው። ርዝመቱ ከወርዱ በ3 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ ስንት ነው?» ከ34 ላይ 3 ቀነስኩ፣ 31፤ ለሁለት ሳካፍል 15.5። ርዝመቱ 18.5 ሆነ። መልሱን አግኝቻለሁ ብዬ ልተኛ ስል ዙሪያውን መልሼ ደመርኩት። 68 መጣ። የ34 እጥፍ! ሥዕሉን ሳየው ገባኝ። ሬክታንግል አራት ጎን አለው፤ እኔ የሠራሁት 34ቱን ሁለት ጎን ብቻ እንደሚጋሩት አድርጌ ነው። አንድ ርዝመትና አንድ ወርድ የዙሪያው ግማሽ ናቸው፣ 17። ከ17 ላይ 3 ሲቀነስ 14፣ ለሁለት ሲካፈል 7። ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 70 ካሬ ሜትር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ መልሱን ወደ ጥያቄው ሳልመልስ ደብተሬን አልዘጋም። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የመንገዱን ጥያቄም ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። 12 በ8 የሆነ ጓሮ ዙሪያውን ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መንገድ ቢሠራለት፣ የመንገዱ ካሬ ስንት ነው? 13 በ9 እንዳትሉ። መንገዱ በግራም በቀኝም አለ፤ በላይም በታችም እንዲሁ። ስለዚህ 14 በ10፣ 140። ከዚያ ላይ የጓሮው 96 ሲቀነስ 44 ካሬ ሜትር። ሥዕል ካልሣሉ ይሄን በልብ መያዝ ከባድ ነው።

አሁን የያዝኩት ጥያቄ እንዲህ ይላል። 60 ሜትር ሽቦ አለ። አንዱ ጎን ግንብ ስለሆነ ሽቦ አይፈልግም፤ ሦስቱን ጎን ብቻ ማጠር ነው። ትልቁ ካሬ የሚገኘው እንዴት ነው? ገና በቀመር መሥራቱን አላወቅኩበትም፤ ግን ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ። ከግንቡ የሚወጣው ጎን 10 ሲሆን ሌላው 40፣ 400 ካሬ። 12 ሲሆን 36፣ 432። 14 ሲሆን 32፣ 448። 15 ሲሆን 30፣ 450። 16 ላይ ተመልሶ 448 ይሆናል። 15 ላይ የሚቆመው ለምን እንደሆነ እየፈለግኩ ነው። ሥዕል ሥላችሁ የምታስረዱኝ ካላችሁ ማክሰኞ ከክፍል በፊት ቀደም ብዬ እመጣለሁ።