ቀጭ!

ትናንት ማታ ከባቱ ጽጌረዳ ጭኖ ወደ ቦሌ ካርጎ የሚሄድ መኪና ሞጆ ላይ ቆሞ፣ የመኪና ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝና ጠሩኝ። ማቀዝቀዣው 2 ዲግሪ ላይ ተደርጓል። ውስጡ ግን 11 ነው። ሾፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቆ ነው መሰለኝ፤ ሙላልኝ» አሉኝ።

ከመሙላቴ በፊት ቱቦውን በእጄ ዳበስኩት። ከሶሌኖይድ ቫልቩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ከሚከፈተው በር፣ በፊት ለብ ይላል። ከቫልቩ ቀጥሎ ግን ቀዝቅዞ ጤዛ ይዟል። ፈሳሽ ሆኖ የሚሄደው ጋዝ እዚያች ጋ ታንቋል ማለት ነው።

የካቻቢቴዬን ጫፍ ወደ ኮይሉ አስጠጋሁት፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ቫልቩን የሚከፍተው ጥቅል ሽቦ ነው። ሳብ አደረገው! እንግዲህ ኤሌክትሪኩም ኮይሉም ደህና ነው። አልነሳም ያለችው ቫልቩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ብረት ናት። በእጀታው ቀስ አድርጌ ቫልቩን መታ መታ አደረግኩት። ቀጭ! ከዚያ ፈሳሹ ሽሽሽ ብሎ ሲያልፍ ተሰማ።

«ይቺው ናት?» ብለው ሳቁ።

ይቺው እንኳን አይደለችም። መታ መታ ማድረግ ቦሌ ድረስ ያደርሳል እንጂ አይጠግንም። ዛሬ ሲመለሱ ጋዙን ሰብስቤ ቫልቩን ስፈታው ያቺን ብረት የያዛት ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። ለካ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ተቃጥሎ ሲቀየር ፊልተር ድራየሩ፣ ቆሻሻና እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ፣ አሮጌው ነው የቀረው። ኮይሉ ግን አዲስ! በሦስት ወር ሁለቴ ተቀይሯል አሉኝ።

እኛ ሙያ ላይ ከላይ የሚታየው ዕቃ ቶሎ ይቀየራል። ማጣሪያዋ ሂሳቡ ላይ ስትመጣ «እሷ ትቅር» ትባላለች። ለነገሩ እኔም ሥራ ስጀምር ስንቱን ደህና ኮይል ጥያለሁ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደውለውልኝ ነበር። «3 ዲግሪ ገባ!» ብለው ዘጉት።