ዛሬ ያየሁት ሰፈር

ልንከራየው ያሰብነውን ቤት ለማየት ዛሬ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከመሸ። የሰፈሩ መውደቅ ከሩቅ ይታያል። የተዘጉ ሱቆች፣ በጣውላ የታሸጉ መስኮቶች፣ አምፖላቸው የተቃጠለ የመንገድ መብራቶች። ባለቤቴ ገና ከመኪናው ሳትወርድ «ልጆች ይዘን እዚህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ግን አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠሩ ሰላም ሲሉ አየሁ። ከጎናቸው ያለው ባዶ ቦታ ቆሻሻው ተጠርጓል፣ ሣሩ ታጭዷል፣ ዙሪያውም በአጭር የእንጨት አጥር ተከቧል። አጥሩን ስደገፈው ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ፤ ገና አልደረቀም። «ማን ሠራው?» ብላቸው «እኛው ነን፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህን አቅልዬ አላየውም። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ተመራማሪዎች 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ መድበው ከፊሎቹን አጸዱ፤ ሣርና ዛፍ ተከሉ፣ አጭር የእንጨት አጥር አጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት በድሃ ሰፈሮች የጠመንጃ ጥቃት በ29 በመቶ ቀንሷል።

ማገገም ግን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ዲትሮይት በ2020 ወደ 640 ሺህ ገደማ ወርዳ ነበር። ሰፈሩ ሲያገግም ኪራይ ንሮ እኚያ እናት እንዳይፈናቀሉም እሰጋለሁ።

ውሉን አልፈረምንም። ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተመልሰን በእግራችን እንዞረዋለን፤ እሳቸውንም ስለ ሌሊቱ እጠይቃቸዋለሁ።