ጳጉሜን የማያውቅ ኮድ

ጳጉሜ ሲገባ የሚይዘኝ ነገር አለ። ድብርት አልለውም። አሮጌው ዓመት አልሄደም፣ አዲሱም አልመጣም፣ ሰው መሀል ላይ ይንሳፈፋል። ዛሬ ደግሞ ሩፋኤል ነው። አራት ኪሎ ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሯል፣ የግቢያችን ልጆች ዝናቡ ውስጥ ሊገቡ ደጅ ደጁን ያያሉ። ቡናዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ቁጭ ልል ነበር ሀሳቤ። ግን ላፕቶፑ ክፍት ነበር።

የዕቁብ ደብተርን ስልክ ላይ የሚያመጣ አፕ እየሠራሁ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ስለሱ ነው ሳወራ የከረምኩት። የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ለኤአይ ሰጥቼው ቡናው ሳይበርድ ጨረሰው። ኮዱ ንጹህ ነው፣ ለማንበብም ይመቻል። ከዛ አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ናት። ከአራት ዓመት ሦስቱን ትክክል ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን ጳጉሜ 6 ትሆናለች። በ2015 እንደዛ ሆና 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ ቀጣዩ 2019 ሲያልቅ ነው። እስከዛ ድረስ ይሄ ኮድ ስንት ጊዜ ቢፈተሽ ያልፋል፣ ከዛ አንድ ቀን ጠዋት የሰው ዕጣ በአንድ ቀን ይዛነፋል፣ ለምን እንደሆነም ማንም አያውቅም።

ነገርኩት፣ ወዲያው አስተካከለ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የኤአይ ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ ቫይብ ኮዲንግ ያለው ነገር አለ፤ ለማሽኑ የምትፈልገውን ትነግረዋለህ፣ ኮዱ መኖሩን ራሱ ትረሳዋለህ። ብዙ ሰው የረሳው ግን እሱ ራሱ ይሄን ያለው ለቅዳሜና እሁድ ለሚሠሩ፣ ተሞክረው ለሚጣሉ ፕሮጀክቶች መሆኑን ነው። ዕቁብ የሚጣል ፕሮጀክት አይደለም። የሰው ልፋት ነው ያለው እዛ ውስጥ።

ማሽኑ የዕለት ዕቁብ በየቀኑ ይጣላል ብሎ ነው የጻፈው፣ ጳጉሜንም ጨምሮ። ያልጣለ ሰው ስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት ይወጣል። ምክንያታዊ ነው፣ ማንም እንዲህ ነው የሚገምተው። ባለፈው ሳምንት መርካቶ ሸማ ተራ ሄጄ የዕቁቡን ዳኛ ባልጠይቃቸው እኔም አልፈው ነበር። እትዬ ደብተራቸውን አወጡና ገለጡልኝ። ወሮቹ ሁሉ በእስክሪብቶና በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው፣ በየስሙ ትይዩ ልክ ልኩን ምልክት አለ። ጳጉሜ ጋ ስንደርስ መስመር የለም። ባዶ ገጽ፣ ጥግ ላይ ጥቂት ስሞች በእርሳስ።

«እነዚህ ያልጣሉት ናቸው?»

«አዎ ልጄ። በጳጉሜማ ማንንም አናስጨንቅም። ሁሉም ብሩን ለበዓል ዕቃ ላይ አድርጎታል። ያለው ይጥላል፣ የሌለው መስከረም ላይ ይደርሳል።»

«በእርሳስ ለምን?»

«ሲከፍል ላጠፋው ነዋ። እንደ ባለዕዳ ስሙ ለምን ይቀመጣል?»

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ዲዛይን ማለት ለኔ ይሄ ነው፤ ቀለሙ አይደለም፣ የቁልፉ ጥግ መክበቡም አይደለም (ኤአዩ በየገጹ ሐምራዊ ቀለም ማፍሰስ ይወዳል፣ እሱን በኋላ እናጠፋዋለን)። እትዬ በዛ እርሳስ የአባሎቻቸውን ክብር ጠብቀዋል፣ ደብተሩም አልተዛባም። ይሄን ደግሞ የትኛውም ማሽን ላይ ብጽፍ ተጠይቆ ካልሆነ በራሱ አይመጣም፣ ምክንያቱም የትም አልተጻፈም፣ ያለው እሳቸው እጅ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ከተማው ውስጥ ስንት አለ? በየማኅበሩ፣ በየዕድሩ፣ በየሱቁ ደብተር?

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እኛ የተማርነው የገንዘብ መዝገብ አንዴ ከገባ እንዳይጠፋ ማድረግን ነው። ልክም ነው፤ አባሉ አፑን የሚያምነው ማንም ገብቶ ታሪክ መሰረዝ ስለማይችል ነው። ለዳኛዋ መሰረዝ ብፈቅድ፣ ነገ ሌላ ዳኛ ሌላ ነገር ይሰርዝበታል። ካልፈቀድኩ ደግሞ በበዓል ሰሞን እጅ ያጠረው ሰው ስሙ እዛ ዳታቤዝ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል፣ ልጁ ስልኩን ሲነካካ ሊያየው ሁሉ ይችላል። ከሌሎቹ አባላት ደብቄ ለዳኛዋ ብቻ ላስቀረው? እሳቸው ራሳቸው እኮ ማየት አልፈለጉም።

ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች ንገሩኝ እስቲ፤ በጳጉሜ ዘግይታችሁ መስከረም ላይ ከከፈላችሁ፣ መዘግየታችሁ ተመዝግቦ ይቅር ወይስ ይጥፋ?