ዝናቡ ሌላ ቦታ፣ ጎርፉ እኛ ዘንድ

ድሬዳዋ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላያችን ያለው የደንገጎና የሐረማያ ደጋ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ዝናቡ እዚያ ይጥላል። ዛፉ በተመናመነበት ዳገት ላይ የሚይዘው ያጣው ውኃ እየተንደረደረ ወርዶ ከተማችንን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ውስጥ ይገናኛል። እኛ የምናውቀው ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ነጋዴው ሸራ ዘርግቶ ይሸጥበታል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ፈጅቷል። እናቴ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በተራራው በኩል ነጎድጓድ ከሰማች ዐይኗ አይከደንም። እኔ ግን በወንዙ ዳር ግንብ ሲሠራ ነገሩ ያበቃ መሰለኝ። የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቄንም ከደቻቱ ብዙ ሳልርቅ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከፈትኩ።

በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ውኃው ሱቄ ገባ። ለክረምት ብዬ ያስቀመጥኳቸው ባዶ ማዳበሪያዎች ገና አሸዋ አልተሞላባቸውም ነበር። የበልግ ዝናብ ጎርፍ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዐይኔ ሁልጊዜ ወደ ወንዙ መሆኑ። ውኃው የመጣው ከወንዙ አልነበረም፤ በቆሻሻ ከተደፈነው የሰፈራችን ቦይ ሞልቶ፣ በጓሮ በር ነው የገባው። ወለል ላይ የተደረደረው ስኳር፣ ዱቄትና ፓስታ አንድም አልተረፈም። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የዱቤ መዝገቤ ነው። ባንኮኒው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ረጥቦ ቀለሙ ፈሰሰ። ስኳር ይተካል፤ ማን ስንት እንዳለበት ግን ሌላ ቦታ አልተጻፈም ነበር። ደንበኞቼ በቃላቸው እየመጡ ከፈሉኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ የጠፋው ግን ቀላል አይደለም። የእሳት ዋስትና ነበረኝ፤ ጎርፍ በተጨማሪ ክፍያ ካልገባበት እንደማይሸፍን ያወቅኩት ውሉን ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳነብ ነው። ያንን ወረቀት በፊርማዬ ቀን ላነበው ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅቴን የምጀምረው በየካቲት ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ቀላሉን ነው፤ በዚያ ዓመት ውኃው ግድግዳው ላይ የተወውን ምልክት በቀለም አሰመርኩት። ከዚያ መስመር በታች ውኃ የሚያበላሸው ዕቃ አይቀመጥም። ታች ያለው ጠርሙስና ቆርቆሮ ነው፤ እህልና ዱቄት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ሳሙናና ክብሪት ላይኛው መደርደሪያ ላይ። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹንም ባለሙያ አስጠርቼ ከመስመሩ በላይ አስነሣኋቸው። ንግድ ፈቃዱ፣ የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተሩ በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ናቸው። የዱቤ መዝገቡን ደግሞ ማታ ሱቁን ሳልዘጋ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አነሣና ሐረር ላለችው እኅቴ እልካለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የጎረቤት ባለሱቆችን አሰባስበን ቦዩን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ እንጠርጋለን። ይህ አድካሚ ነው፤ የሚቀርም ሰው አለ። ቢሆንም ለአንድ ሰው ሱቅ ከሚደረደር መቶ ማዳበሪያ አሸዋ ይልቅ የሚጠቅመን እርሱ ነው።

ትልቁ መከላከያዬ ግን አንዲት ሴት ናቸው። ከሐረማያ አትክልት የሚያወርዱ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲይዝ እንዲደውሉልኝ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል፤ ዕቃህን አንሣ» ካሉኝ፣ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ብትሆንም አልጠራጠርም። ወዲያው ለሰባት ሰው እደውላለሁ፤ እያንዳንዳቸው ለሌላ ይደውላሉ። አንድ ጊዜ ደውለው ውኃው እስኪደርስ አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር፤ ሆኖም አሸዋው ላይ ሸራ ዘርግተው የነበሩ ሴቶች ዕቃቸውን ሰብስበው ወጥተዋል።

ቤት ውስጥ ያለው ዝግጅት የእናቴ ነው። በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ባትሪ፣ መድኃኒቷና ነጠላዋ ያለበት ቦርሳ ተሰቅሏል። ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚታጣው የሚጠጣ ውኃ ነውና። ቆጣሪውን ማጥፋት የታናሽ ወንድሜ ሥራ ነው፤ እጁ ደረቅ ከሆነና ወለሉ ላይ ውኃ ከሌለ ብቻ። አንድ ምሽት መብራት አጥፍተን፣ እናቴን ደግፈን፣ ከፍ ብሎ ወዳለው የአጎቴ ቤት ሄድን። አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀብን። በሁለተኛው ልምምድ ሌላ መንገድ መረጥን፤ የመጀመሪያው ቦዩን ያሻግር ነበርና። በኃይል የሚወርድ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳን አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መኪና ይወስዳል። «ባጃጁ ያሻግረናል» የሚሉ ወጣቶችን ስሰማ እጃቸውን ይዤ አስቆማቸዋለሁ፤ ቢቆጡም ይቆጡ።

ዘንድሮ የቀረኝ የጓሮው በር ነው። ደፉን በብሎኬት ከፍ ላስደርገው ግንበኛ ተነጋግሬያለሁ፤ ሲሚንቶውም ገብቷል፤ ከመስመሩ በላይ፣ ርብራቡ ላይ ነው።