ለንደን ውስጥ ሀላል ምግብ ስትፈልጉ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ለንደን ውስጥ መስኮቱ ላይ «ሀላል» ብሎ የለጠፈ ምግብ ቤት ሞልቷል። ጽሑፉን ግን ባለቤቱ ራሱ ጽፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ያረጋገጠውን ድርጅት ስም ፈልጉ። በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ሀላል ፉድ ኦቶሪቲ እና በ2003 የተመሠረተው ሀላል ሞኒተሪንግ ኮሚቲ። ዋናው ልዩነታቸው ከእርድ በፊት እንስሳውን በኤሌክትሪክ ማደንዘዝ ላይ ነው። ኮሚቲው ጨርሶ አይቀበለውም፤ ኦቶሪቲው ግን ድንዛዜው እንስሳውን እስካልገደለው ድረስ ይፈቅዳል። የትኛውን እንደምትከተሉ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ሰርተፊኬቱ የዚያው ቅርንጫፍ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንም እዩ። ናንዶስም ሆነ ኬኤፍሲ ሀላል ዶሮ የሚያቀርቡት በአንዳንድ ቅርንጫፎቻቸው ብቻ ነው።

አስተናጋጁን «ሀላል ነው?» ካላችሁት «አዎ» ማለት ይቀለዋል። «ሥጋውን ከየት ነው የምታመጡት? አሳማ የሚጠበስበት ዘይትና መጥበሻ ለብቻው ነው?» በሉት። መልሱን ፈልጎ ወጥ ቤት ከገባ ጥሩ ምልክት ነው።

ሥጋው ሀላል ሆኖ ችግሩ ማጣፈጫው ላይ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ቻይና ቤት የሩዝ ወይን፣ ጃፓን ቤት ደግሞ ሚሪን የሚባለውን ጣፋጭ የሩዝ ወይን ጠይቁ፤ እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው፣ ቴሪያኪ ሶስ ውስጥም ይገባል። ሜክሲኮ ቤት የተፈጨው ባቄላ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ጣሊያን ቤት ሪዞቶ የሚባለው የሩዝ ምግብ ነጭ ወይን፣ ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭም ማርሳላ የተባለ ወይን ሊኖረው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው በእንግሊዞቹ ዓሣና ድንች ጥብስ ነው። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም ብለን ዝም ብለን እናዛለን። ነገር ግን አንዳንድ ቤቶች የሚጠብሱት በቀለጠ የበሬ ሞራ ነው፤ በሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሀላል የታረደ አይደለም። ሊጡን በቢራ የሚያቦኩም አሉ። ድንቹም የሚጠበሰው በዚያው ሞራ ስለሆነ ድንች ብቻ ማዘዝ መፍትሔ አይሆንም። «የምትጠብሱት በአትክልት ዘይት ነው? ሊጡ ቢራ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

የሐበሻ ምግብ ቤት ለብቻው ይታይ። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ የታወቀ ስለሆነ፣ «ሥጋው የሙስሊም ነው?» ብትሉ የሚቀየማችሁ የለም። ባለቤቶቹ ክርስቲያን ሆነው ከሀላል ሥጋ ቤት የሚገዙም አሉ። ያኔም ቢሆን አዋዜውን አትርሱ፦ በጠጅ፣ በአረቄ ወይም በወይን የተበጠበጠ ሊሆን ስለሚችል ጥብሱን ያለ አዋዜ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ እዘዙ። ስለ ሥጋው እርግጠኛ ካልሆናችሁ የጾም በያይነቱ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ስለሚበዛ ትኩሱን ታገኛላችሁ። ሽሮ ለብቻው ስታዙ ግን የጾም መሆኑን ተናገሩ፤ ቦዘና ከመጣላችሁ ሥጋ አለበት።