ጠባቂዎቹ ተኝተው ሳለ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን! ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ከመልካም ምኞቴ ጋር ስለምወደው አንድ ሥዕል ላጫውታችሁ። ጣሊያን ውስጥ፣ ቶስካና፣ ሳንሴፖልክሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የከተማዋ ተወላጅ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ እ.ኤ.አ. በ1460ዎቹ ግድም ትንሣኤን ግድግዳ ላይ ሣለ። ግድግዳው የቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነበር። ሹማምንቱ ስለ ከተማቸው ሲመክሩ፣ ከሞት የተነሣው ጌታ ፊት ለፊት ያያቸዋል።

ክርስቶስ አንድ እግሩን የመቃብሩ ጠርዝ ላይ አሳርፎ፣ ቀይ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ይዞ ቆሟል። የጎኑ ቁስል ይታያል። ፈገግታ የለም። የፋሲካ ሥዕል ሆኖ ደስታው የት አለ የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ያን ፊት በየትኛውም ፈገግታ አልለውጠውም። ሞትን ያሸነፈ ፊት ነው፤ ምን እንዳስከፈለውም አልደበቀም። ከኋላው በግራ በኩል ያሉት ዛፎች ቅጠል አልባ ናቸው፤ በቀኝ ያሉት ለምልመዋል።

ከእግሩ ሥር ጠባቂዎቹ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንደኛው ሠዓሊው ራሱ ነው ይባላል። ልቤን የሚነካው ይህ ነው። እንዲያ ያለውን ሌሊት የሣለ ሰው ራሱን ከተኙት ጋር አስቀመጠ! ትንሣኤው ግን የማንንም መንቃት አልጠበቀም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ቶኒ ክላርክ የተባለ የእንግሊዝ የመድፈኛ መኮንን ጀርመኖች አሉባት ብሎ ከተማዋን በመድፍ መደብደብ ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ፣ ድሮ ያነበበው ጽሑፍ ትዝ አለው። ከዓለም ሥዕሎች ሁሉ የሚበልጠው እዚህች ከተማ ነው ይላል። ሥዕሉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ተኩሱን አስቆመ። ለካ ጀርመኖቹ ቀድመው ወጥተዋል። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ።

ሌሊቱን በቅዳሴ ላደራችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የሌሊት ተረኛ ሆናችሁ ሥራ ላይ ያደራችሁ፣ የታመመ ስታስታምሙ የነጋባችሁ፣ ደክሟችሁ ዶሮ ሲጮህ ያልሰማችሁ፣ በዓሉ የእናንተም ነው። ቅር አይበላችሁ።

ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ፣ ሳንሴፖልክሮ ከአሬዞ ብዙም አይርቅም። ሕንጻው አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ ሥዕሉም እዚያው አለ። ጊዜ ስታገኙ ሄዳችሁ እዩልኝ።

መልካም ፋሲካ!