የመኪና መጎተቻ ቀለበት፦ የት ይገኛል? ምን ይችላል? ምን አይችልም?

የአብዛኛው የቤት መኪና መጎተቻ ቀለበት ፓራውልቱ ላይ ተገጥሞ አይገኝም። የኋላው ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ሥር፣ ከስኮርት ጎማው፣ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር ይቀመጣል። አንዳንዴ ስፖንጅ ውስጥ ስለሚሸጎጥ የሌለ ይመስላል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህን ብረት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ዕቃ ነው። የሌላ መኪና ቀለበት ውፍረቱና የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ካልገጠመ አያገለግልም። ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የያዘ ቢመስልም ሲሳብ ጥርሱን ልጦ ይወጣል።

መግጠሚያው ቀዳዳ ፓራውልቱ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ጎን፣ በትንሽ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ክዳን ተሸፍኗል። አንዱን ጠርዝ በጣት ስትጫኑት ይገለበጣል። እምቢ ካለ የጠፍጣፋ ካቻቪት ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት።

ቀለበቱን በእጅ አስጀምሩ። ቮልስዋገንን ጨምሮ አንዳንድ መኪኖች የግራ ጥርስ ስላላቸው ቀለበቱ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወደ ቀኝ እያዞረ «አልገባም አለ» ይላል፤ በጉልበት ሲገፋውም ጥርሱን ያበላሻል። በእጅ የሚሄደውን ያህል ከሄደ በኋላ የጎማ መፍቻውን እጀታ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋችሁ መጨረሻው ድረስ አጥብቁ። ያልገባ ጥርስ ውጭ ከቀረ ጉልበቱ እዚያ ላይ አርፎ የቀለበቱን ዘንግ ያጣምመዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ ነው፦ ይህ ቀለበት የተሠራው ጎማዋ በነፃ የሚዞር መኪና በደልዳላ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ለመሳብ ነው። ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ የሰመጠች መኪና ጎማዋን የያዘው ጭቃ ስላለ ከራሷ ክብደት ሊበልጥ የሚችል ጉልበት ትጠይቃለች። በዚያ ላይ ገመዱን አላልቶ በሩጫ መንጠቅ ሲጨመርበት ቀለበቱ ወይም ገመዱ ይበጠሳል። የተበጠሰው ብረት በተወጠረው ገመድ ተወንጭፎ መስታወት ጥሶ ይገባል፤ ሰውም ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ አካፋ ይዛችሁ የጎማውን ዙሪያ ቆፍሩ፣ ከዚያ በዝግታ ሳቡ። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ቢያንስ የገመዱን ርዝመት እጥፍ ይራቅ፤ ገመዱ መሐል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉበት። ቢበጠስ ውርወራውን ያበርደዋል። ወደ ጎን መሳብም ዘንጉን ስለሚያጣምመው አይሞከርም።

ገመዱን በመሪ ዘንግ፣ በሱስፔንሽን ክንድ ወይም በፓራውልት ላይ ማሰር የሚያዋጣ አይደለም። በአንዳንድ መኪኖች ሆድ ሥር የሚታዩት ቀጫጭን ቀለበቶችም በመርከብ ሲጫኑ ለማሰሪያ የተሠሩ ስለሆኑ ለመጎተቻ አይሆኑም። ተጎታች የሚያያዝበት ክብ የኳስ መያዣም ቢሆን የተቀረቀረ መኪና ለማውጣት አልተሠራም፤ ኳሱ ተሰብሮ ሲወነጨፍ ጥይት ነው።

ለመንገድ ጉተታ ከ4 እስከ 5 ሜትር ገመድ ይበቃል፤ መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት። የምትጎትተው መኪና ከምትጎተተው ቀላል ባትሆን ይመረጣል። በምትጎተተው ውስጥ ቁልፉ መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ መሪው ይቆለፋል፣ ፍሬቻም አይሠራም። ሞተሩ ስለጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ በሙሉ ጉልበት መርገጥ ያስፈልጋል። ሾፌሩ ይህን ሳይነሱ በፊት ይወቀው። ጎታቹ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ገመዱን ይወጥር፤ ተጎታቹም ፍሬን በስሱ እየነካ እንዳይላላ ያድርግ። የሚነጥቀው የላላ ገመድ ነውና።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ጣጣ አለው። ዘይት የሚያሰራጨው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማ ሲዞር ውስጡ ሳይቀባ ይፋጫል። ብዙ መመሪያዎች በኒውትራል፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፍ፣ ለአጭር ርቀት ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪና ግን ጎማው መሬት ሳይነካ በጭነት መኪና ላይ ይሂድ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጎማ ሲዞር ኃይል ስለሚያመነጭ ሲስተሙን ሊያቃጥል ይችላል።

ሲያበቃ ቀለበቱን ፍቱት። ተገጥሞ ከቀረ ግጭት ሲደርስ ጉልበቱ በዚያች አንዲት ነጥብ በኩል ያልፋል፤ እግረኛም ይጎዳል። ጥርሱን ጠርጋችሁ ጥቂት ግራሶ ቀብታችሁ ወደ ቦታው መልሱት፣ ክዳኑንም ግጠሙት፤ ክፍት ቀዳዳ አቧራና ውሃ ስቦ ጥርሱን ያዝጋል።